ዋይፋይን ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በሕጉ መሠረት መዘርጋት፦ አሜሪካ ላላችሁ ዝርዝር መመሪያ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ንግድ ያላቸው ብዙ ወገኖቻችን አንድ ዓይነት ጥያቄ አላቸው። ሬስቶራንቱ እዚህ ነው፣ መጋዘኑ ከመንገዱ ማዶ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሕንጻ ላይ ነው፣ የልጆቹ መማሪያ አዳራሽ ሌላ ሕንጻ ላይ። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ማስገባት በየወሩ ሌላ ቢል ያመጣል፤ ኬብል መቅበር ደግሞ አስፋልት መቁረጥና የካውንቲ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ሁለት ትናንሽ ሬዲዮዎች ገዝቶ በሁለቱ ሕንጻዎች ላይ ፊት ለፊት ይሰቅላል። ይሠራል። ዋጋውም አይጎዳም።

ግን የሰቀላችሁት ነገር አስተላላፊ ሬዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ፣ ለዋይፋይ ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) ፈቃድ አውጡ አይላችሁም። በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ በምን ዓይነት አንቴና፣ ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ የሚለውን ግን አንድ በአንድ ወስኖ አስቀምጧል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነት ሲያንሰው ወዲያው ጉልበት ለመጨመር ሲሞክር ነው። ባንዱን በትክክል ከመረጣችሁ ሕጉ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ይሰጣችኋል። ያለ ቦታው ከመረጣችሁ ግን ምንም ብታደርጉ አይበቃችሁም፣ ወይ ሕግ ትጥሳላችሁ። ለዚህ ነው ከታች ባንድ ምርጫው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው።

ከሁሉም በፊት፦ የሕጉ መሠረት

የሚመለከታችሁ ደንብ ክፍል 15 ይባላል። ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ሬዲዮዎች የሚተዳደሩት በእሱ ነው። መሠረቱ ሁለት ነው፦ ሌላውን አትረብሹ፤ ሌላው ቢረብሻችሁ ደግሞ ቻሉት። ይህ ማለት ጉልበታችሁ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ሆኖም ቢሆን ፈቃድ ያለውን አገልግሎት ወይም ራዳርን ከረበሻችሁ መሣሪያውን ማጥፋት ግዴታችሁ ነው። "እኔ ከሕጉ አላለፍኩም" የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያዋጣም። በዚያ ቻናል ላይ "ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ" ማለትም አይቻልም። ማንም ቻናሉን አይወርሰውም።

ኃላፊነቱ የማን ነው? መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ባለሙያ ከገጠመው ደግሞ ገጣሚው ለአሠራሩ ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ዘመድ ወይም ጓደኛ መጥቶ ቢሰቅልላችሁም ቅንብሩን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ደረጃ 1፦ ርቀቱንና እይታውን ለኩ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ከአንቴና እስከ አንቴና ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። በግምት አትሂዱ። ቀጥሎ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ሌላውን ፈልጉ። ካልታያችሁ ሬዲዮውም አያየውም።

ቢታያችሁም አልጨረሳችሁም። ሞገዱ በቀጭን መስመር አይሄድም፤ መሐል ላይ ሰፋ ይላል። ይህን ሰፊ ቦታ ባለሙያዎች የፍሬኔል ዞን ይሉታል። ለምሳሌ ርቀቱ 500 ሜትር ቢሆንና 5.8 ጊጋኸርዝ ብትጠቀሙ፣ መሐል መንገድ ላይ የዞኑ ሬዲየስ 2.5 ሜትር ያህል ነው። ቢያንስ 60 በመቶው ነጻ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት ከመስመሩ በሁሉም አቅጣጫ 1.5 ሜትር ገደማ ምንም ነገር አይኑር። የጎረቤት ጭስ ማውጫ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የቢልቦርድ ጫፍ ሁሉ ይቆጠራል።

ዛፍ ላይ ተጠንቀቁ። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት የሰቀላችሁት ሊንክ (የሁለቱ ሬዲዮዎች ግንኙነት) ሜይ ላይ ቅጠል ሲያወጣ ይደክማል። ብዙ ሰው "መሣሪያው ተበላሸ" ብሎ ጉልበት መጨመር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው አንቴናውን ከፍ ማድረግ ወይም ሌላ ማዕዘን መፈለግ ነው።

ደረጃ 2፦ ባንዱን ምረጡ

60 ጊጋኸርዝ። ከ57 እስከ 71 ጊጋኸርዝ ያለው ሰፊ ባንድ ያለ ፈቃድ ክፍት ነው። መንገድ ለማሻገር፣ ከሱቅ እስከ መጋዘን፣ ከ500 ሜትር በታች ለሆነ ሥራ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይህን ሞገድ ይውጠዋል፤ 60 ጊጋኸርዝ አካባቢ በኪሎሜትር 15 ዴሲቤል (የሞገድ ጉልበት ልዩነት መለኪያ) ያህል ይጠፋል። ይህ ጉዳት ይመስላል፤ ለከተማ ግን ጥቅም ነው። የእናንተ ሞገድ ሩቅ ሄዶ ማንንም አይረብሽም፣ የሩቁም እናንተ ጋ አይደርስም። ጨረሩም በጣም ጠባብ ነው። በዚህ ባንድ ላይ ራዳር እየጠበቃችሁ ቻናል የምትለቁበት ግዴታ የለም። ድክመቱ ዝናብ ነው። ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች 5 ጊጋኸርዝ መጠባበቂያ ይዘው ይመጣሉ። የክሬዲት ካርድ ማሽናችሁ በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ ከሆነ መጠባበቂያ ያለውን ግዙ።

5.8 ጊጋኸርዝ። ከ5.725 እስከ 5.850 ያለው ነው፤ ቻናሎቹ 149፣ 153፣ 157፣ 161 እና 165 ናቸው። ርቀቱ ረዘም ካለ ወደዚህ ኑ። እዚህ ሬዲዮው እስከ 1 ዋት ማውጣት ይችላል። ሊንኩ ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ትልቅ አንቴና በመጠቀማችሁ ምክንያት የሬዲዮውን ጉልበት ቀንሱ አትባሉም። ግን ቃሉን አስተውሉ፤ አንድ ለአንድ ነው የተባለው። መሐል ላይ አንድ አንቴና ሰቅላችሁ ለሦስት ሕንጻ የምትሰጡ ከሆነ ያ ለብዙ ነጥብ ማሰራጨት ነው፤ ጣሪያውም በጠቅላላ 4 ዋት ይሆናል።

5.2 ጊጋኸርዝ። ቻናል 36፣ 40፣ 44 እና 48። ድሮ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከ2014 ወዲህ ውጭም ተፈቅዷል። አንድ ለአንድ ለሆነ ሊንክ አንቴናው እስከ 23 ዲቢአይ (አንቴናው ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብበት አቅም መለኪያ) ድረስ ያለ ቅናሽ ይፈቀዳል። ለብዙ ሰው የሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት ውጭ ካስቀመጣችሁ ግን ከአድማስ በላይ ከ30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጉልበት ከ125 ሚሊዋት ማለፍ የለበትም። ምክንያቱም ይህን ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉ ሳተላይቶች ከላይ አሉ። ስለዚህ አንቴናውን ሽቅብ አታዙሩት።

መሐሉ ላይ ያለው፣ የራዳሩ ሰፈር። ከ5.25 እስከ 5.35 እና ከ5.47 እስከ 5.725 ጊጋኸርዝ ያሉት ቻናሎች፣ ማለትም ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144፣ ከራዳር ጋር በጋራ የምንጠቀምባቸው ናቸው። መሣሪያችሁ መጀመሪያ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። ራዳር ከሰማ ያንን ቻናል በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቆ ይወጣል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። ይህ ዲኤፍኤስ ይባላል። ጉልበቱም ትንሽ ነው፤ ሬዲዮው ቢበዛ 250 ሚሊዋት፣ ከአንቴናው ጋር ደግሞ 1 ዋት።

የዲሲ አካባቢ ነዋሪዎች እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከ5.60 እስከ 5.65 ጊጋኸርዝ ላይ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ የአየር ጠባይ ራዳሮች ይሠራሉ። ሥራቸው አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ ድንገተኛ የቁልቁለት ነፋስን መለየት ነው። በኦገስት 1985 ዳላስ ላይ የወደቀው የዴልታ አውሮፕላን፣ 137 ሰው የሞተበት፣ ያወረደው እንዲህ ያለ ነፋስ ነበር። በእኛ አካባቢ ብቻ አራት አሉ፦ የሬገን፣ የደለስ፣ የባልቲሞርና የአንድሩስ። ራዳሮቹ የሚቆሙት አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ወጣ ብሎ ስለሆነ "እኔ ከኤርፖርቱ ሩቅ ነኝ" ማለት አያስተማምንም። ከእነዚህ ራዳሮች በአንዱ 35 ኪሎሜትር ክልል ውስጥ ውጭ የምትሰቅሉ ከሆነ፣ ከራዳሩ ፍሪኩዌንሲ ቢያንስ 30 ሜጋኸርዝ ራቁ የሚል መመሪያ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አሌክሳንድሪያም፣ ፎልስ ቸርችም ላላችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ ለውጭ ሊንክ እነዚህን የመሐል ቻናሎች ተዉአቸው። በተለይ 120፣ 124 እና 128 ራዳሩ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ፖርቶ ሪኮ ሳን ህዋን ላይ ያለውን ራዳር የረበሹ የኢንተርኔት አቅራቢዎች በተደጋጋሚ ተቀጥተዋል። ከቅጣቱ በላይ ግን የሚከብደው ሌላ ነው፤ የበረራ ተቆጣጣሪው የሚያየው ስክሪን ላይ የናንተ መጋዘን ዋይፋይ መስመር ሆኖ ሲታይ ከኋላው ያለው ማዕበል ይጋረዳል።

2.4 ጊጋኸርዝ። ለሊንክ አልመክርም። የጎረቤት ራውተር ሁሉ እዚያ ነው፣ ማይክሮዌቭ ምድጃውም እዚያ ነው። ሌላ አማራጭ ከሌለ የሬዲዮው ጣሪያ 1 ዋት ከ6 ዲቢአይ አንቴና ጋር ነው። አንድ ለአንድ ከሆነ አንቴናው ከ6 በላይ ለጨመረው ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ሬዲዮውን 1 ዴሲቤል ትቀንሳላችሁ። ቻናል ከ1 እስከ 11 ተጠቀሙ። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የመጣ ራውተር 13ንም ሊያሳያችሁ ይችላል፤ እዚህ ግን አትንኩት።

6 ጊጋኸርዝ። በ2020 የተከፈተ፣ 1,200 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው አዲስ ባንድ ነው። አዳዲሶቹ የቤት ራውተሮች ይጠቀሙበታል። እነዚህ ግን ቤት ውስጥ ብቻ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ናቸው። የዝናብ መከላከያ ሳጥን ውስጥ ከትቶ በረንዳ ላይ መስቀል ክልክል ነው፤ አንቴናቸውን መቀየርም አይቻልም። ለውጭ ሊንክ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ያለበትን ቦታ እያሳወቀ አውቶማቲክ ከሆነ የፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ ሥርዓት ፈቃድ እየጠየቀ ነው የሚሠራው። ይህ ሥርዓት ለንግድ የተፈቀደው በፌብሩዋሪ 2024 ነው።

3.5 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው ሲቢአርኤስ የሚባለው ባንድ ደግሞ ለሱቅና ለመጋዘን የሚሆን አይደለም። ከውጭ የሚሰቀሉትን ትልልቆቹን መሣሪያዎች የምስክር ወረቀት ያለው ገጣሚ መግጠም አለበት፣ እያንዳንዱም መሣሪያ ማዕከላዊ ሥርዓት ላይ ይመዘገባል።

ደረጃ 3፦ ከመግዛታችሁ በፊት መለያውን እዩ

አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርብ ዋይፋይ ሬዲዮ ሁሉ ኤፍሲሲ አይዲ የሚባል መለያ አለው። መሣሪያው ጀርባ ላይ፣ ሳጥኑ ላይ ወይም ሶፍትዌሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ያንን ቁጥር ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ጉልበት እንደተፈቀደና ከየትኞቹ አንቴናዎች ጋር እንደተፈተነ እዚያ ላይ አለ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች አንድ ብቻ አድርጉ ብትሉኝ ይህን እላችኋለሁ።

መለያ የሌለው፣ በርካሽ ከማይታወቅ ሻጭ የመጣ "ሃይ ፓወር" ወይም "ሎንግ ሬንጅ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር አትግዙ። ለዋይፋይ ማጉያ ተብለው ለብቻቸው የሚሸጡትን አምፕሊፋየሮችም እለፉአቸው። ሬዲዮው የተፈቀደው ከተፈተነበት ሥርዓት ጋር ነው። ማጉያ ጣልቃ ስታስገቡ ያ ፈቃድ ይቀራል።

አንቴና መቀየርም ገደብ አለው። ከተፈተነው ጋር አንድ ዓይነት የሆነና ጌኑ (በዲቢአይ የሚለካው ሞገድ የመሰብሰብ አቅሙ) እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ይቻላል። ሳህን አንቴና በሳህን ይተካል፤ ትንሹን በትልቅ ሳህን መተካት ግን አይቻልም። ስለዚህ አንቴናው አብሮ የተሠራበትን ሬዲዮ መግዛት ራስ ምታት ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ጉልበቱን አስሉ

ሕጉ የሚያየው ሬዲዮው የሚያወጣውን ብቻ አይደለም፤ አንቴናው ከሰበሰበው በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውንም ይለካል። አንቴና ጉልበት አይፈጥርም። የእጅ ባትሪ መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ እንደሚያደርሰው ያለውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ይህ ጠቅላላ ጉልበት ኢአይአርፒ ይባላል። ሒሳቡ መደመር ብቻ ነው፦ የሬዲዮው ጉልበት በዲቢኤም፣ ሲደመር የአንቴናው ጌን በዲቢአይ፣ ሲቀነስ ኬብሉ ላይ የጠፋው።

እነዚህን በቃላችሁ ያዙ፦ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ነው። 24 ዲቢኤም 250 ሚሊዋት። 30 ዲቢኤም 1 ዋት። 36 ዲቢኤም 4 ዋት። 3 በጨመራችሁ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል።

አሁን ባንድ መምረጥ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ተመልከቱ። 23 ዲቢአይ የሆነ ሳህን አንቴና አላችሁ እንበል። ራዳሩ ሰፈር ብታስቀምጡት ጠቅላላው ከ30 ዲቢኤም ማለፍ ስለማይችል ሬዲዮውን ወደ 7 ዲቢኤም፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊዋት ማውረድ አለባችሁ። ያንኑ ሳህን 5.8 ላይ አንድ ለአንድ ብትጠቀሙበት ሬዲዮው 30 ዲቢኤም ማውጣት ይችላል፤ ጠቅላላው 53 ይሆናል። ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። ያው ሳህን፣ ያው ጣሪያ፣ የተለወጠው ቻናሉ ብቻ።

ተፈቀደ ማለት ግን ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የ500 ሜትሩን ምሳሌ እንውሰድ። ሬዲዮው 20 ዲቢኤም፣ አንቴናው በሁለቱም በኩል 16 ዲቢአይ ቢሆን፣ 5.8 ጊጋኸርዝ ላይ አየር ላይ የሚጠፋው 102 ዴሲቤል ያህል ነው። 20 ሲደመር 16፣ ሲቀነስ 102፣ ሲደመር ሌላ 16። ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 50 ዲቢኤም ገደማ ነው። ይህ በጣም ጠንካራ ሲግናል ነው። ሬዲዮውን ወደ 10 ብታወርዱት እንኳ ከዜሮ በታች 60 ይመጣል፤ ለጥሩ ፍጥነት እሱ ይበቃል። ታዲያ ሙሉ ዋት ለምን? የምትጨምሩት ጉልበት ለጎረቤት ረብሻ ከመሆን በቀር ፍጥነት አያመጣላችሁም፤ ከመጠን በላይ ጠንካራ ሲግናል ተቀባዩን ራሱን ሊያደነቁረው ይችላል።

ደረጃ 5፦ የአገር ምርጫውን አትንኩ

ሬዲዮው ቅንብር ውስጥ "አገር" የሚል ምርጫ አለ። ትንሽ ነገር ይመስላል። የትኛው ቻናል እንደሚከፈት፣ ጉልበቱ የት ላይ እንደሚቆም፣ ራዳር ማዳመጥ እንዳለበት የሚወስነው ግን እሱ ነው። አሜሪካ ካላችሁ አሜሪካ ይሁን። በሌላ አገር ስም አሠርቶ ተጨማሪ ቻናል ወይም ጉልበት ማግኘት እንደ ዘዴ ሲመከር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሕግ መጣስ ነው። ለሙከራ ተብሎ ገደቡን ሁሉ የሚያነሣ ምርጫ ያላቸው መሣሪያዎችም አሉ፤ እሱም የላብራቶሪ ነው፣ የጣሪያ አይደለም።

ኤፍሲሲ ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም። በ2016 ቲፒ ሊንክ 200,000 ዶላር ከፍሎ የተስማማው፣ አንዳንድ ራውተሮቹ ላይ ተጠቃሚው የአገር ኮዱን ቀይሮ ከተፈቀደው ጉልበት በላይ ማሠራት ይችል ስለነበረ ነው።

ሌላው፣ አንቴናው ተነጥሎ የሚገጠም ከሆነ ሶፍትዌሩ የአንቴናውን ጌን ይጠይቃችኋል። እውነተኛውን ቁጥር አስገቡ። 23 የሆነውን 6 ብላችሁ ብትሞሉ መሣሪያው ጉልበቱን በተሳሳተ ሒሳብ ይከፍተዋል፤ ተጠያቂው ቁጥሩን ያስገባው ሰው ነው።

ደረጃ 6፦ የሚሰቀልበት ቦታ

ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኮንትራቱን አንብቡ። የኤፍሲሲ አንድ ደንብ አለ፣ ኦታርድ ይሉታል፤ አከራይ፣ የኮንዶ ማኅበር ወይም ካውንቲ ስፋቱ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነን አንቴና እንዳይከለክል ይጠብቃችኋል። የሚሠራው ግን እናንተ ብቻ በምትጠቀሙበት ቦታ ላይ ነው፦ የራሳችሁ በረንዳ፣ የራሳችሁ ግቢ። የጋራ ጣሪያ፣ የጋራ ግድግዳ አይገባበትም። በ2006 ቦስተን ኤርፖርት የኮንቲኔንታል አየር መንገድን የዋይፋይ አንቴና ከማረፊያ ክፍሉ አስነሡ ብሎ ሲሟገት ኤፍሲሲ ለአየር መንገዱ የፈረደው በዚህ ደንብ ነው። ቢሆንም ደንቡ በዋናነት የተጻፈው ከአቅራቢ አገልግሎት ለሚቀበል ደንበኛ ስለሆነ፣ የራሳችሁን ሁለት ሕንጻ ለማገናኘት ስትሉ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። አከራያችሁን ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። በቃል "ችግር የለም" ያለ ሰው ሕንጻውን ሲሸጥ ቃሉ አብሮት ይሄዳል።

ምሰሶው ከጣሪያው ጫፍ ከ12 ጫማ በላይ ከወጣ ካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ታሪካዊ ተብለው በተመዘገቡ ሰፈሮች ደግሞ ከዚያ በታችም ጥያቄ አለ።

የብረት ምሰሶውን ከሕንጻው የመሬት መስመር ጋር አገናኙ። ጣሪያ ላይ የወጣው ኬብል የውጭ ኬብል ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ይገጠምለት። በዚህ አካባቢ በጁላይ የሚመጣውን መብረቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ ይህን ክፍል ብቻ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሻን ስጡ፤ ገንዘቡ አይቆጭም። ከመብራት ኃይል ሽቦ ራቁ፤ ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ላይ እንዳይደርስ አድርጋችሁ ቦታ ምረጡ።

ሰው ዘወትር ከሚቆምበት ቦታም አርቁት። የመሣሪያው መመሪያ ውስጥ ቢያንስ ይህን ያህል ርቀት የሚል ቁጥር አለ። ትልቅ ጌን ባለው አንቴና ፊት ለፊት የሥራ ጠረጴዛ አይቀመጥም።

ደረጃ 7፦ አብሩና መዝግቡ

ከመስቀላችሁ በፊት ሁለቱን ሬዲዮዎች ቤት ውስጥ፣ ጉልበታቸውን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ አገናኙአቸው። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ምስጢራዊ ማድረጊያውን አብሩ። ሶፍትዌሩን አድሱ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይህን መሥራት ፈተና ነው።

ከሰቀላችሁ በኋላ የቻናል ቅኝት አድርጉና ጸጥ ያለውን ያዙ። የቻናሉን ስፋትም አስቡበት፤ 80 ሜጋኸርዝ ከመውሰድ 40 ወይም 20 መውሰድ ብዙ ጊዜ የተሻለ የረጋ መስመር ይሰጣል፤ ለካሜራና ለክፍያ ማሽን ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ጉልበቱን ከታች ጀምራችሁ ሲግናሉ ጥሩ እስኪሆን ብቻ ከፍ አድርጉ፣ እዚያው ተዉት።

ከዚያ የቅንብሩን ስክሪን ፎቶ አንሡ፦ አገር፣ ቻናል፣ ስፋት፣ ጉልበት፣ የአንቴና ጌን። የኤፍሲሲ አይዲውን ፎቶ፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ፣ የአከራዩን ደብዳቤ አንድ ላይ አስቀምጡ።

ስለ ማካፈል

የጎን ሱቅ ባለቤት "ለእኔም ስጠኝ፣ ግማሹን እከፍላለሁ" ይላል። በሬዲዮ ሕጉ በኩል ያለው የቻናልና የጉልበት ገደብ አይለወጥም። የሚመጣው ጉዳይ ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ጋር ያላችሁ ውል ነው፤ አብዛኞቹ ውሎች መስመሩን ለሌላ መሸጥ ይከለክላሉ። ለብዙ ሰው እያስከፈላችሁ መስጠት ከጀመራችሁ ደግሞ ራሳችሁ አቅራቢ ሆናችሁ ማለት ነው፤ የኤፍሲሲ የሪፖርት ግዴታ ይመጣል። እዚያ ከደረሳችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ረብሻ ሲኖር

ሌላ ሰው ቢረብሻችሁ መልሱ ቻናል መቀየር፣ አንቴናውን ማስተካከል ወይም ባንድ መቀየር ነው። የሰውን ዋይፋይ ሆን ብሎ ማቋረጥ ወይም ጃመር (የሬዲዮ ሞገድ ማፈኛ) መጠቀም ከባድ ጥፋት ነው፤ ጃመር መሸጡም ክልክል ነው። በ2014 ማሪዮት ናሽቪል ባለው ሆቴሉ የእንግዶችን የግል ዋይፋይ እያቋረጠ ለራሱ መስመር በማስከፈሉ 600,000 ዶላር ከፍሏል። በራሱ ሕንጻ ውስጥ ነበር ያደረገው። አላዳነውም።

እናንተ ረበሻችሁ ተብሎ ከኤፍሲሲ ሰው ቢመጣ ወይም ደብዳቤ ቢደርስ መጀመሪያ መሣሪያውን አጥፉ። ሰውየው መታወቂያውን እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሬዲዮውን ማየት ግን መብቱ ነው። ደብዳቤ ከሆነ የመልስ ቀን አለው፣ እንዳያልፍባችሁ። ያስቀመጣችሁት ፎቶና ደረሰኝ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳስተካከላችሁ ጻፉና ላኩ። ጉዳዩ ተስተካክሎ ሳታረጋግጡ አታብሩት።

ወደ አገር ቤት ልትወስዱት ከሆነ

ይህን የምጨምረው ብዙ ሰው አሮጌውን ሬዲዮ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ለቤተሰብ ስለሚወስድ ነው። የኤፍሲሲ መለያ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ አይሆንም። እዚያ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የመሣሪያ ዓይነት ማረጋገጫም የሚሰጠው እሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ጉምሩክ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

የፍሪኩዌንሲ ክፍፍሉም ይለያል። አሜሪካ ያለ ፈቃድ ክፍት የሆነው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ኢትዮጵያ ውስጥ የሞባይል ስልኮች ወደ ማማው ከሚልኩበት ጋር ይጋጫል። አሜሪካ የተሸጠ ገመድ አልባ የቤት ስልክም እንዲሁ ነው፤ ዴክት 6.0 የሚለው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚሠራ የ3ጂ መስመርን ይረብሻል። እነዚህን ሁለቱን እዚሁ ተዉአቸው። ዋይፋይ ሬዲዮ ከሆነና ከተፈቀደላችሁ ደግሞ የአሜሪካ ሞዴሉ አገሩ ላይ ተቆልፎ የሚሸጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ኢትዮጵያን መምረጥ መቻሉን ከመጫናችሁ በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ እዩ።